ቀንዶና የሌሊት ወፉ

በዚያ መካነ አራዊት ሰው የሚጋፋው አንበሳው ዘንድ አልነበረም። አንበሳው አርጅቷል፤ ጀርባውን ለሕዝብ ሰጥቶ ይተኛል፤ ቢጠሩት፣ ቢያፏጩለት ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ሰው የሚጎርፈው ግቢው ጫፍ ላይ ወዳለው፣ ጣሪያው መስታወት ወደሆነው ቤት ነበር። የሚስበው ግን ወፉ አልነበረም፤ የሌሊት ወፉም አልነበረም። አስጎብኚዋ ናት።

ሴትዮዋ አፍ ታድላለች። ለሌላው አስጎብኚ ሲያዛጋ የመጣ ሰው እሷ ዘንድ ሲደርስ ሆዱን ይዞ ይስቃል። አንዳንዱማ ወፉን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ እሷን አዳምጦ ይመለሳል፤ ወፎቹ ይህን ቢያውቁ ቅር ይላቸው ነበር።

ቤቱ ለሁለት የተከፈለ ነው። በግራ ያለው ክፍል ብርሃን የሞላበት፣ እርጥበቱ ሸሚዝን ከጀርባ ጋር የሚያጣብቅ ነው። እዚያ የሚኖሩት ከሩቅ ሞቃት ደን የመጡ ባለ ትልቅ መንቁር ወፎች ናቸው። ወንዱ መንቁሩ ላይ ቀንድ የመሰለ ነገር ስላለው ቀላቢዎቹ "ቀንዶ" ይሉታል። በቀኝ ያለው ደግሞ በሁለት ጥቁር መጋረጃ መሀል የሚገባበት ጨለማ ክፍል ነው፤ ፍሬ የሚበሉ የሌሊት ወፎች አሉበት። እዚያ ቀንና ሌሊቱ ሆን ተብሎ ተገለባብጧል። ሌሊት መብራት ይበራል፣ ቀን ይጠፋል። ምስኪኖቹ በጠራራ ፀሐይ "መሸ" ብለው ይነሳሉ፤ ጎብኚውም ሲበሩ ያያቸዋል። የአስጎብኚዋ ሥራ ሁለቱን ማነጻጸር ነው። ሁለቱም ይበራሉ፣ ሁለቱም ፍሬ ይበላሉ፣ ሁለቱም በሄዱበት ዘር ይጥላሉ፤ ታዲያ ምን ይለያቸዋል? ብላ ትጀምራለች።

"ይኸውላችሁ ቀንዶ!" ትላለች በብርሃኑ ክፍል። "ሚስቱ የት አለች? እዚያ ግንድ ውስጥ። እንቁላል ልትጥል ስትል ጉድጓዱ ውስጥ ትገባና በሩን በጭቃ ትመርገዋለች። የምትተወው ጣት የምታሾልክ ስንጥቅ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሥራው የማን ነው? የአባወራው! ፍሬ ያመጣል፣ በስንጥቋ ያጎርሳታል። ይሄዳል፣ ያመጣል፣ ያጎርሳታል። ሳይነጫነጭ! እስቲ ሴቶች፣ አጠገባችሁ ያለውን አባወራ ዘወር ብላችሁ እዩት።"

ሴቶቹ ያያሉ። ወንዶቹ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ሳቁ ይጀምራል።

ከዚያ መጋረጃውን አልፈው ጨለማው ውስጥ ይገባሉ። ደብዛዛ ቀይ ባትሪዋን ወደ ላይ ታበራና ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። "ይኼኛውስ? ይኼማ ሌሊቱን ሙሉ ሲዞር ያድራል። ሲነጋ ይገባል። እንዴት ዋልሽ የለ፣ እንዴት አደርሽ የለ፤ ተዘቅዝቆ ይንጠለጠልና ፊቱን ሸፍኖ ለሽ! ልጅ ታቅፋ የምትበረው እናትየዋ ናት። 'ልጅህ ስንተኛ ክፍል ደረሰች?' ብትሉት 'የቷ ልጅ?' ነው የሚላችሁ።" እዚህ ላይ ትንሽ ዝም ትላለች። ዝም ማለት የት እንደሚያስፈልግ አሳምራ ታውቃለች። "ይህን ሁሉ ታዲያ ከመጽሐፍ ያገኘሁት እንዳይመስላችሁ፤ አንዱን አግብቼ ነው!"

ቤቱ በሳቅ ይናጋል። የሌሊት ወፎቹ ደንግጠው ይበራሉ፤ ያ ደግሞ ሌላ ሳቅ ይጨምራል።

ባሏ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ሲመሽ ይወጣል፣ ሊጥና ምድጃ ላይ ያድራል፣ ሲነጋ ጆሮው ሥር ዱቄት እንደቀረ ይመጣል። እስከዚህ ድረስ ቀልዱ እውነት ነው። የቀረው ነጭ ውሸት ነው፤ ውሸትነቱን ደግሞ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ሰውየው ያመጣውን ትኩስ ዳቦ ጠረጴዛው ላይ ያኖርና ትንሿ ልጃቸው እስክትነሳ አልጋው ላይ ጋደም ይላል። አስጎብኚዋ ለሥራ የምትወጣው በዚያ ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ባሏን በየማለዳው የምታየው ተኝቶ ነው። እሷ ከወጣች በኋላ ግን ይነሳል። ልጅቷን ያጣጥባል፣ ሊጥ ሲጎነጉን በኖረ ጣቱ ፀጉሯን ይጎነጉናል፣ እጇን ይዞ ትምህርት ቤት ያደርሳል። ከሰዓት በኋላም ከሞቀ እንቅልፉ ተነስቶ ይመልሳታል። የትኛው ጥርሷ እንደተነቃነቀ፣ ከየትኛዋ ጓደኛዋ ጋር እንደተኳረፈች፣ የሂሳብ አስተማሪዋ ሲቆጣ እጁን የት እንደሚያደርግ ሁሉ ያውቃል።

ሌሊቱንስ ቢሆን ወዶ ነው? ልጅቷ ገና ጨቅላ ሳለች ትንፋሽ እያጠራት ከቤት የማትወጣ ሆና ነበር፤ ቀን ቀን አጠገቧ ሰው ያስፈልጋል። አስጎብኚዋ ደግሞ መካነ አራዊቱ ውስጥ የተቀጠረችው ያኔ ነው። ሥራውን ልተወው እያለች ስታለቅስ ባሏ ፎጣ አቀበላትና "አትተይውም" አላት። "አንቺ ቀኑን ውሰጂ፣ እኔ ሌሊቱን እወስዳለሁ። ልጅቷ ጠንከር ስትል ወደ ቀን ሥራዬ እመለሳለሁ።" ልጅቷ ጠነከረች፤ የቀኑ ቦታ ግን ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ጠበቀው። እሱም አንድ ቀን እንኳ አንስቶት አያውቅም።

እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ ለሳቅ ያቀረበችው። መጀመሪያ አስባበት አልነበረም። ድሮ በጨለማው ክፍል የምትናገረው ስለ ዘር ነበር፤ ወፍ ፍሬ በልቶ ዘሩን የሚጥለው ካረፈበት ዛፍ ሥር ነው፤ የሌሊት ወፍ ግን እየበረረ ነው የሚጥለው፤ ስለዚህ ዛፍ ጨርሶ በተመነጠረበት ሜዳ ላይ፣ ወፍ የሚያርፍበት ቅርንጫፍ በሌለበት፣ ዘር የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ እሱ ነው፤ ሰው ስለማያየው ዛፉ እንዲሁ የበቀለ ይመስለዋል፤ እያለች። ሰውም እንዲህ ስትል ያዛጋል። አንድ ቀን አንድ ጎብኚ መንጋጋው እስኪንቋቋ አዛጋና ተናደደች። ያን ዕለት ጠዋት ባሏን "ደህና ዋል" ብትለው እንቅልፍ ጥሎት አልመለሰላትም ነበር። ከአፏ አመለጣት፤ "ልክ እንደ ባሌ!" አለች። ሳቁ ፈነዳ። ለራሷ እንዲህ የተሳቀላት መቼ እንደሆነ አታስታውስም፤ ደስ አላት። በማግስቱ ትንሽ ጨመረችበት። የልጅቷን ክፍል ነገር ስትጨምርማ ውስጧ "ተይ" ብሏት ነበር፤ ዓይኗን በጨው አጥባ ቀጠለች።

ነገሩ ቤቷ ድረስ የመጣው በልጅቷ በኩል ነው። አንድ ማታ አባትየው ሥራ ሊሄድ ጫማውን ሲያስር፣ ልጅቷ እናቷን ወደ ኩሽና ጎተት አድርጋ "እማዬ፣ ጓደኛዬ አንቺ ሥራ ቦታ መጥታ ነበር" አለቻት። "አባትሽ የሌሊት ወፍ ነው፣ ስንተኛ ክፍል እንደሆንሽ እንኳ አያውቅም አለችኝ። አንቺ ነሽ እንዴ ያልሻት?"

አስጎብኚዋ ክው አለች።

"ቀልድ ነው የኔ እናት" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ቀስ በይ፣ አባትሽ እንዳይሰማሽ።"

ልጅቷ ወደ በሩ አየች፣ ወደ እናቷ አየች፣ በእሺታ አንገቷን ነቀነቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ከአባትየው የሚደብቁት ነገር ኖራቸው። እናትየዋ ያን ሌሊት ቀልዱን ልትተወው ለራሷ ቃል ገባች። በማግስቱ ሰው ሞልቶ ጠበቃት፤ አንዷ ሴትዮ እህቷን አስከትላ መጥታ "ያችን የባልሽን ንገሪያት" አለቻት። ነገረቻት።

ቤቱ ታድሶ፣ አዲስ መስታወት ገብቶለት የሚመረቅበት ቀን ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ ተጣድፎ መጥቶ "ጠዋት ትልልቅ እንግዶች አሉ፤ ከሰዓት በኋላ የሠራተኛ ቤተሰብ ይገባል" አላት። "ያችን የባልሽን ነገር እንዳትረሺ! እንግዶቹ ሰምተው እሷን ብለው ነው የሚመጡት።"

ለባሏ ስትነግረው ፊቱ በራ። "አንድ ቀን እንኳ ሥራሽን አይቼው አላውቅም እኮ" አለ። ነጭ ሸሚዙን ራሱ ተኩሶ በሩ ላይ ሰቀለው። እሷም ሂሳቧን ሠራች፤ ጠዋት ለእንግዶቹ ቀልዱን ትናገራለች፣ እሱ ደግሞ እንቅልፉን ጠግቦ ልጅቷን ይዞ ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ ያኔ ስለ ዘሩ ታወራለች። ማንም አይጎዳም። እንዲህ ብላ ራሷን ስታሳምን እፍረቱ ሆዷ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃት ነበር።

ያን ጠዋት እሷ ለዝግጅቱ ገና ሳይነጋ ወጥታ ነበር፤ ባልየው ደግሞ ወደ ቤት አልተመለሰም። ከማታው ልጅቷን በድብቅ ለጎረቤት አደራ ብሎ፣ እንቅልፉን ትቶ፣ ይዞት የወጣውን ሸሚዝ ዳቦ ቤት ቀይሮ፣ ለሚስቱ ባልደረቦች ትኩስ ዳቦ በከረጢት ይዞ ቀጥታ መካነ አራዊቱ መጣ። ሊያስደንቃት ነው። የበሩ ዘበኛ ማንነቱን ሲሰማ በደስታ ተቀብሎ "እንግዶቹ እስኪመጡ እዚያ ጨለማው ክፍል አግዳሚ አለ፣ ቀዝቀዝ ይላል፣ እዚያ አረፍ ይበሉ" አለው። ለእሱ ጨለማ የሥራ ቦታው ነውና ደስ አለው፤ ገብቶ ቁጭ አለ።

አስጎብኚዋ በብርሃኑ ክፍል ቀንዶን አስተዋውቃ፣ ሴቶቹን አሥቃ፣ እንግዶቹን እየመራች መጋረጃውን ገለጠች። ዓይን ከጨለማው ጋር እስኪለማመድ ጊዜ ይወስዳል፤ እጅህን እንኳ አታይም። ባትሪዋን ወደ ላይ አበራች።

"ይኼኛውስ? ይኼማ ሌሊቱን ሙሉ ሲዞር ያድራል..."

ሥራ አስኪያጁ ገና ካሁኑ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ይንፈቀፈቃል።

"...ተዘቅዝቆ ይንጠለጠልና ፊቱን ሸፍኖ ለሽ! ልጅ ታቅፋ የምትበረው እናትየዋ ናት። 'ልጅህ ስንተኛ ክፍል ደረሰች?' ብትሉት 'የቷ ልጅ?' ነው የሚላችሁ።"

እንደ ልማዷ ዝም አለች። ያኔ ነው የሸተታት። ያ ክፍል ሁልጊዜ የሚሸተው የበሰበሰ ፍሬና የሌሊት ወፍ ኩስ ነው። አሁን ግን ዳቦ ሸተተ። ከምድጃ የወጣ፣ ገና ያልቀዘቀዘ፣ በየማለዳው ጠረጴዛዋ ላይ የምታገኘው ዳቦ።

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። የቀረው አንድ አረፍተ ነገር ምላሷ ላይ ደርቆ ቀረ። ጨለማው ውስጥ የክንፍ ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ እንግዶቹ ይጠብቃሉ።

"ጨርሺው እንጂ!" አለ ሥራ አስኪያጁ። ዝም ስትል ደግሞ ማን ያስቆመው፤ ራሱ ጨረሰው። "ከመጽሐፍ ያገኘችው እንዳይመስላችሁ፤ አንዱን አግብታ ነው!"

ሳቁ ፈነዳ። በዚያ ሁሉ ሳቅ መሀል አንድ ሳቅ ለይታ ሰማች፤ ቀስ ያለ፣ ሌላው ስለሳቀ ብቻ የሚስቅ ሰው ሳቅ። የባሏ ሳቅ ነበር። ሰው ፊት እሷን ላለማሳፈር አብሮ ይስቃል።

ዘበኛው እንግዶቹ ሲቆዩበት መጋረጃውን ከፈት አደረገ፤ ብርሃን ገባ። አግዳሚው ላይ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው የዳቦ ከረጢት ጭኑ ላይ አድርጎ ቁጭ ብሏል።

"እኚህ ደግሞ ማን ናቸው?" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"ባሏ ናቸው" አለ ዘበኛው ክፋት ሳያስብ።

ከዚያ አንዱ እንግዳ "የሌሊት ወፉ! አሉልን እንዴ!" አለና ከፊተኛው የባሰ ሳቅ ሆነ። ባልየው ብድግ አለ። ምን እንደሚባል፣ እጁን የት እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት ከረጢቱን ከፈተና አጠገቡ ላለው እንግዳ ዘረጋ። "እንካችሁ፣ ገና ትኩስ ነው" አለ። ለሁሉም አዞረ። ለሥራ አስኪያጁ ሰጠ። ሚስቱ ጋ ሲደርስ ቀና ብሎ አላያትም፤ ትልቁን መርጦ ሰጣት። እሷም ተቀብላ ቆመች። እፍረት ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ፀጉሯ ወረራት፤ እጇ ላይ ያለው ዳቦ ይሞቃል፣ የምትጥልበት ቦታ የለም፣ የምትገባበት ቦታ የለም።

ማታ ቤት ስትደርስ ባሏ ሥራ ሊሄድ ተነስቷል። ከሰዓት በኋላ የቤተሰቡ ሰዓት ላይ አልመጣም ነበር። ልጅቷ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ የቤት ሥራ የምትሠራ ትመስላለች።

"ጥሩ ትናገሪያለሽ" አላት ጫማውን እያሰረ። "ሰው ሁሉ ወደደሽ።"

"ቀልድ እኮ ነው" አለች። ድምጿ ለራሷም አስጠላት።

"አውቃለሁ።" አንዱን ጫማ አስሮ ጨረሰና ሌላውን ሳይነካ ቆየ። "ግን... አራተኛ ናት አይደል? አምስተኛ አልገባችም?"

አስጎብኚዋ ተናግራ አታውቅም እንጂ በሕይወቷ እንደዚያች ቅጽበት ያፈረችበት ጊዜ የለም። ሰውየው ሊወቅሳት አልነበረም። ከልቡ ነው የጠየቀው። በየቀኑ እጇን ይዞ የሚያደርሳት እሱ ሆኖ ሳለ፣ ያን ሁሉ ሰው ሲስቅ ሰምቶ፣ ምናልባት እኔ ተሳስቼ ይሆን ብሎ ራሱን ተጠራጥሯል።

"አራተኛ ናት" አለች። "አንተ እያወቅክ... እኔ ነኝ ዝም ብዬ..."

"ቢሆንም" አለ። "ሰው እንደዚያ የሚስቀው የሆነ እውነት ቢኖረው ነው።" ሌላውን ጫማ አሰረና ወጣ።

በማግስቱ ጨለማው ክፍል ውስጥ ስለ ዘር ተናገረች። ስለተመነጠረው ሜዳ፣ ሰው ሳያየው ስለሚወድቀው ዘር፣ "እንዲሁ በቀለ" ስለሚባለው ዛፍ። አንዱ አዛጋ። ሌላዋ "ቀልዱስ? ለእሱ ብለን እኮ ነው የመጣነው" አለች። "ቀልዱ ውሸት ነው" አለች አስጎብኚዋ። ያም ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ጎብኚዎቹ ሲወጡ ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ ቀልዱን ራሱ ሲነግራቸው፣ "ባልየውንም አይቻቸዋለሁ፣ ዳቦ ሰጥተውኛል" እያለ ሲያስረዳ ሰማችው። ነገሩ ከእጇ ወጥቷል፤ ከእንግዲህ ብትጠራውም አይመለስም።

ቤት ደግሞ የባሰ ነበር። ባልየው ከዚያን ቀን ወዲህ ሲነጋ ገብቶ ጋደም አይልም። ወንበሩ ላይ፣ ከነጫማው፣ ጀርባውን አቅንቶ ይቀመጣል። ዓይኑ በርበሬ መስሎ፣ አገጩ ደረቱ ላይ ሊወድቅ ሲል እየነቃ፣ ለባብሳ እስክትወጣ ያጫውታታል። "እንዴት አደርሽ?" ይላል። "ቀንዶ እንዴት ነው? ሚስቱ ወጣች?" ይላል። እድሜ ልኩን ዝምተኛ የነበረ ሰው ጨዋታ ሲፈልግ፣ ሲያጣ፣ እንደገና ሲፈልግ ታየዋለች። "ተኛ እንጂ" ስትለው "አልደከመኝም" ይላል። እያደር ፊቱ አመድ መሰለ። የቀልዱን እያንዳንዱን ነገር አንድ በአንድ ከራሱ ላይ ሊነቅል ተነስቷል፤ እሷም በምን አፏ ተው ትበለው?

አንድ ማለዳ ጠረጴዛው ላይ ዳቦ አልነበረም። በዳቦው ቦታ አንድ ትልቅ፣ የበሰለ ፓፓያ ተቀምጧል። እሱ ወንበሩ ላይ ሆኖ ያያታል።

"ዳቦ ሰልችቶሻል ብዬ ነው" አለ። እንደማፈር ብሎ ጨመረበት። "ቀንዶ እንኳ ፍሬ ነው የሚያመጣላት አይደል?"

አስጎብኚዋ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች። ፓፓያውን አየችው፤ አንጀቷን በላው። ጎንበስ ብላ ወለሉ ላይ፣ ከወንበሩ ሥር ቁጭ አለች፤ ዓይኑን ማየት ስላልቻለች ጫማውን እያየች ተናገረች።

"ስማኝ። ስንት ሰው ፊት አዋርጄሃለሁ። አንድ ቀን አይደለም፣ በየቀኑ ነው። ሳቁ ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቱን ልንገርህ፣ በጣም ደስ ይለኝ ነበር። ውሸት እንደሆነ እያወቅኩ ነው። ሌሊቱን ለማን ብለህ እንደወሰድከው እያወቅኩ ነው። ልጄን 'አባትሽ እንዳይሰማ' ብዬ አንተን ማታለል አስተምሬያታለሁ። አንተ ቀንዶን መሆን የለብህም። ቀንዶ ሲያጎርስ ሁሉም ያየዋል፤ መስታወት ውስጥ ነው ያለው። ያንተን ማን አየልህ? እኔ እንኳ አላየሁልህም፤ አይቼም ሳቅኩበት። ይቅር በለኝ። እባክህ ተቆጣኝ። ስደበኝ። አንድ ነገር በለኝ።"

ዝምታው ሲረዝምባት እንባዋን ጠርጋ ቀና አለች። ባልየው ከነጫማው፣ ጀርባውን እንዳቀና፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑ ሙሉ በሙሉ እንኳ ሳይከደን እንቅልፍ ወስዶታል። ከንግግሯ ምኑን እንደሰማ፣ የት ላይ እንደጣለው እግዜር ይወቅ። ፈገግ ሊል ጀምሮ የተወው ነገር ከንፈሩ ላይ ቀርቷል።

ልትቀሰቅሰው እጇን ዘረጋችና መለሰችው። የጫማውን ክር ፈታች፣ አንዱን አወለቀች፣ ቀስ ብላ ሌላውን አወለቀች። ብርድ ልብስ አምጥታ ደረበችለት። ይሁን፤ ሲነሳ እንደገና እነግረዋለሁ፣ ዓይኑን እያየሁ እነግረዋለሁ አለች በልቧ። ያን ጊዜ ልጅቷ ፀጉሯ እንደተንጨባረረ፣ የደብተር ቦርሳዋን እየጎተተች ከመኝታ ክፍል ወጣች።

"አባዬ ለምን ቁጭ ብሎ ይተኛል?" አለች።

"እኔ ነኝ ቁጭ ያደረግኩት" አለች እናትየዋ። "ይተኛ። ዛሬ አንቺን የማደርስሽ እኔ ነኝ። ሥራዬ ይቆየኛል።"

ልጅቷ እናቷን አየቻት፤ ያላመነች ትመስላለች። ማበጠሪያውን ስትሰጣት እናትየዋ ፀጉሯን ጎነጎነችላት፤ አንዱ ወፍሮ አንዱ ቀጥኖ ወጣ። ልጅቷ በእጇ ዳሰሰችው። እናትየዋ ፓፓያውን ቆርጣ አበላቻት፤ ትልቁን ድርሻ ለአባትየው ሸፍና አስቀመጠች። ተያይዘው በሩ ላይ ሲደርሱ ልጅቷ ቆም አለች።

"ክፍሌን ታውቂዋለሽ?" አለቻት። "ልጅ የሚያደርስ ሰው በር ድረስ ገብቶ ነው ለአስተማሪዋ የሚያስረክበው።"

አስጎብኚዋ አፏን ከፈተች። ዋናውን ግቢ ታውቀዋለች፤ በአውቶቡስ ስታልፍ ታየዋለች። ከዚያ ወዲያ ግን በግራ ይሁን በቀኝ፣ ፎቅ ላይ ይሁን ምድር፣ በሩ ምን ቀለም እንደሆነ፣ የክፍል አስተማሪዋ ማን እንደምትባል፣ ምንም አልመጣላትም። ያን ሁሉ ሕዝብ ያሳቀችበትን ጥያቄ ሰው ዞሮ እሷን ጠይቋት አያውቅም ነበር።

"አላውቀውም" አለች። "የቱ ነው ክፍልሽ?"

ልጅቷ ወደ ወንበሩ ዞር ብላ አየች። ከዚያ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገችና የእናቷን እጅ ያዘች።

"ቀስ በይ" አለቻት፣ "አባዬ እንዳይሰማሽ።"